ባየሽ «ጋሪ» ያለች ቀን

አምቦ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለሃዋኒ፣ ለጊዜው ማንም ለማያውቃት ዝነኛ፤

ሰላምታዬ ከአምቦ ተነስቶ፣ ጊንጪ ላይ ሻይ ጠጥቶ፣ ሳይቀዘቅዝ ይድረስሽ። የሚያመጣልሽ የአውቶቡስ ሹፌሩ ሌንጂሳ ነው። ባለፈው በስልክ ስትጮሂ ሰፈሩ ሁሉ ጉዳይሽን ሰማ፤ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጆሮዬ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ስለዚህ እንደ ጨዋ ሰው እንጻጻፍ። አርባ ዓመት ፍርድ ቤት በር ላይ ራፖር ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከስልክ ይልቅ ወረቀት ያምረኛል።

በወረቀት ለላክሽው ለመጀመሪያው ጥያቄሽ፦ አዎ፣ ይጠይቁኛል። «ሃዋኒ ማስተማሩን ትታ አዲስ አበባ ምን ትሠራለች?» ይላሉ። የፊልም ጽሑፍ ትጽፋለች ስላቸው «ታዲያ መቼ ነው በቴሌቪዥን የምናያት?» የሚጽፈው ሰው አይታይም ብዬ ማስረዳት ደከመኝ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ባለጉዳዩ ችሎት ገብቶ በእኔ ቃል ሲያለቅስ፣ እኔ ውጭ ጃንጥላ ሥር ሆኜ የሚቀጥለውን እጽፋለሁ። የዘር ነው፤ በማንም አትፍረጂ።

ለሁለተኛው። ሴት አያትሽ፣ አኮሽ ባየሽ፣ ስታርፍ ምን አለች ብለሻል። አንቺ ያኔ ከአባትሽ ጋር ጎጆ ከተማ ነበርሽ። የሚታወቀውን ልድገምልሽ። ባየሽ የጊንጪ ልጅ ናት፣ እኔ የጎጆ። እሷ አማርኛዋን፣ እኔ ኦሮምኛዬን ይዘን አንድ ቤት ገባን፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የቱ የማን እንደነበር ጠፋብን። በአማርኛ የጀመረችውን በኦሮምኛ ትጨርሰዋለች። አንድ ሕግ ብቻ ነበራት፤ ስትቆጣ በአማርኛ፣ ስትታረቅ በኦሮምኛ። «ስማ አንተ ሰውዬ!» ካለች እኔ በጓሮ በር ወጥቻለሁ። «ኮቱ» ካለች፣ ና ማለቷ ነው፣ ምሳ ቀርቧል።

እንግዲህ ለቅሶ ላይ ሁሉም እንዳወራው፣ ሰባኪውም አስከሬኗ ፊት እንደተናገረው፣ የመጨረሻ ቃሏ «ጋሪ» ነበር። በኦሮምኛ፤ ጥሩ ነው፣ መልካም ነው። አርባ ሁለት ዓመት ከእኔ ጋር ኖራ «ጥሩ» ብላ ማለፏን ሰባኪው ተአምር ብሎታል። እኔም አልተቃወምኩም።

ቃሉን ለፊልምሽ ውሰጂው። አደራዬ አንዲት ናት። ሌላውን ሁሉ ዋሺ፤ እኔን ረጅም አድርጊኝ፣ ጥርሴን መልሺልኝ። ያቺን ቃል ግን እንዳታበላሺያት።

ስለ ሳሌ የጠየቅሽውን አላነበብኩትም፤ ወረቀቱ እዚያ ጋ ታጥፎ ነበር።

አያትሽ ሆርዶፋ ጉዴ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 21 ቀን 2011 ዓ.ም.

አካኮ፣

ሌንጂሳ ደብዳቤህን አውቶቡስ ተራ ላይ ሲሰጠኝ «ኦቦ ሆርዶፋ በእጇ ስጥ ብለዋል» ብሎ መታወቂያ ጠየቀኝ። አንተ ነህ ያስተማርከው።

ማንም የማያውቃት ዝነኛ ላልከኝ፣ እውነት ነው፤ እስከ ዛሬ ስሜ የትም አልወጣም። ሁለት ተከታታይ ድራማ ላይ ጻፍኩ፤ የሚነበበው የሌላ ሰው ስም ነው። እዚህ «መጀመሪያ እጅሽን ፍቺ» ይሉሃል። ሦስት ዓመት ሙሉ እጄን እየፈታሁ ነው አካኮ፤ ሊወልቅ ምንም አልቀረው።

አሁን ግን ስማኝ። ትንሳኤ የሚባል ዳይሬክተር የአንተንና የአኮን ታሪክ ወሰደው። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አነበበው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። «ይቺ የመጨረሻ ቃል ገደለችኝ፤ በዚች ቃል ነው ፊልሙን የምሠራው» አለኝ። ሦስት ዓመት ስጽፍ እንዲህ የገባው ሰው አልገጠመኝም። ወጥቼ መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ፈርሜያለሁ። «ደራሲ፦ ሃዋኒ» ተብሎ ይወጣል።

ሳልህ እንዴት ነው? አዳዳ ዶርቃስ የሕክምና ባለሙያ ልጅህ ሆና፣ አንድ ቤት እየኖራችሁ፣ አላስመረምር አለኝ ብላ ለእኔ ትደውላለች። እንዴት ነህ? በዚህ ደብዳቤ ለሦስተኛ ጊዜ ልጠይቅህ፤ እንዴት ነህ?

ሃዋኒ


አምቦ፣ ጥር 6 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለደራሲ ሃዋኒ፤

ማዕረጉን በዕድሩ ስብሰባ ላይ አስጸድቄዋለሁ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሮታል፤ ከድንኳን ጥገና ቀጥሎ።

ሳታነቢ ፈርመሽ እንደሆነ አልጠይቅሽም። አርባ ዓመት ሰውን ያላነበበው ወረቀት ላይ ጣት ሳስነካ ኖሬ እንዴት ብዬ ልቆጣሽ? ዳይሬክተሩ አለቀሰ ማለትሽ ግን አላማረኝም። ዳኛ ገና ማመልከቻውን ሲያነብ ካለቀሰ፣ ወይ ጉዳዩ አልገባውም ወይ የራሱ ጉዳይ ትዝ ብሎታል። ቀልዴን ነው። ደስ ብሎኛል።

በዶርቃስ ስልክ ለላክሻቸው ጥያቄዎች። ባየሽ የምትተኛው መደብ ላይ ነበር፤ አልጋ ያወዛውዘኛል ትላለች። መስኮቱ በስተቀኝ። እኔ ያኔም እንዲሁ መልከ መልካም ነበርኩ።

«ስታርፍ ማን አጠገቧ ነበር?» ብለሻል። ይሄ ለፊልም ምን ያደርጋል? እኔ ነኛ፤ ሌላ ማን ይሆናል? ይልቅ የእኔን ቦታ የሚጫወተው ሰው ቁመናው እንዴት ነው?

ሳሉ ከእኔ የተሻለ ጤና አለው፤ ጧት ቀድሞኝ ይነሳል።

ሆርዶፋ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2011 ዓ.ም.

አካኮ፣

ይቅርታ። ከዚያ ወዲህ የላክሃቸው ሁለቱም ደብዳቤዎች ደርሰውኛል፤ ሳልመልስ ስለቆየሁ ይቅርታ። ሥራ በዝቶ ነው።

አዎ፣ ቀረጻው አልቋል። አዎ፣ ጊንጪ አካባቢ ነበሩ። አላየኸኝም፤ አልነበርኩም። ጸሐፊ ቀረጻ ላይ አይጠራም፤ ልማዱ እንዲህ ነው። አልፌ ሳልጠይቅህ በመቅረቴ ይቅርታ አድርግልኝ።

ፊልሙ አምቦ የሚመጣ አይመስለኝም። ቢመጣም አዳራሹ ብርድ ነው፤ ለሳልህ አይሆንም፤ ይቅርብህ። ካልሲ ልኬልሃለሁ። አጭር ስለሆነ ይቅርታ።

ሃዋኒ


አምቦ፣ ግንቦት 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ሃዋኒዬ፣

ካልሲው ደረሰኝ፤ ይቅርታውም ደረሰኝ። ቆጠርኩት፤ በአንዲት ገጽ አራት ይቅርታ። በሙያዬ ልንገርሽ፤ ክሱን ሳይናገር ይቅርታ የሚጠይቅ ባለጉዳይ ወይ በሬ ነድቷል ወይ ሚስት ነጥቋል። አንቺ በሬ ትፈሪያለሽ።

ሌንጂሳ ያየውን ነግሮኛል። ጊንጪ ላይ የፊልም ሰዎች የባለጋሪውን የነገራን ፈረስ ከነጋሪው ይዘው ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስጋልቡት ነበር አሉ። ነገራንም አልባሌ ልብስ አልብሰው ከጀርባ ቀረጹት፤ ይኸው ከዚያ ወዲህ ሰው ሰላም አይልም። አንድ ሽማግሌ ጋሪው ላይ ቆሞ «ፍጠን! ፍጠን!» እያለ ይጮሃል። ሌንጂሳም መጥቶ «ኦቦ ሆርዶፋ፣ በእርስዎ ታሪክ ውስጥ ጋሪ አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ምን እንዳልኩት አልነግርሽም። መጀመሪያ አንቺ ንገሪኝ። ጋሪው ከየት መጣ?

ሆርዶፋ


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 2 ቀን 2011 ዓ.ም.

አካኮ፣

እሺ። ልንገርህ።

እኔ የጻፍኩት እንዲህ ነበር። አሮጊቷ ዓይኗን ሳትገልጥ «ጋሪ» ትላለች። ሽማግሌው እጇን ይይዛል። ዝም ይላል። አለቀ። ከሥሩ በትንሽ ፊደል «በኦሮምኛ፦ ጥሩ ነው» የሚል ማብራሪያ ነበረው። ንጹሑን ቅጂ ያዘጋጀችው ልጅ ገጹ እንዲያምር ብላ ማብራሪያዎቹን ሁሉ አወጣቻቸው። እኔም መልሼ አላነበብኩትም። ቃሉ እዚያው ነበራ! ምኑን ላንብብ?

ትንሳኤ ኦሮምኛ አይሰማም። ያኔ ፊቴ ተቀምጦ ያለቀሰው ሌላ ነገር አንብቦ ነው። የምትሞት ሴት ወደ ሐኪም የሚወስዳት ጋሪ ስትለምን፣ ባሏ እጇን ይዞ ዝም ሲል! ጭካኔው ነው ያስለቀሰው። በኋላ ለሰውዬው አዘነለትና «እንዴት ዝም ይላል? ይሩጥ እንጂ» ብሎ ጋሪ ፍለጋ ላከው። ሩጫው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ሙዚቃ አለው።

ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው ያየሁት። ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ በእውነት ደነገጠ። ከዚያ «ሃዋኒ፣ ፈረሱን ግን አየሽው?» አለኝ።

ድምፁ ይቀየር አልኩ። «ጥሩ ነው ካለችው ለምን ይሮጣል?» አሉኝ። እንደገና ይቀረጽ አልኩ፤ ሁሉም ወደ ሌላ ሥራ ተበትኗል። ስሜ ይውጣ አልኩ። ውሉ ስምሽ ይገባል ይላል እንጂ ይወጣል አይልም አሉኝ። ሦስት ዓመት ይግባልኝ ብዬ የለመንኩትን ስም፣ አሁን አውጡልኝ ብዬ ስለምን በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ እንኳ አዘነልኝ። የፊልሙንም ርዕስ ቀይረውታል፤ አልነግርህም፤ መገመት አያቅትህም።

አንዲት አደራ ሰጠኸኝ፤ እሷኑ አጠፋሁ። አኮ መርቃ የሄደችበትን ቃል የልመና ቃል አደረግሁት። አንተንም ሯጭ አደረግሁህ። ምንም የማደርገው ነገር የለም አካኮ፤ ሞክሬ ጨርሻለሁ። ለጉደር ትምህርት ቤት ማመልከቻ ጽፌያለሁ፤ ከተቀበሉኝ ማስተማር እመለሳለሁ።

አምቦ ሲመጣ፣ ይመጣል፣ ዋሽቼህ ነው፣ እንዳታየው። እባክህ።

እንዴት ነህ? ይህንንም አትመልስልኝም፤ አውቃለሁ።

ሃዋኒ


አምቦ፣ ኅዳር 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

ሃዋኒዬ፣

ይህን የምትጽፈው አክስትሽ ዶርቃስ ናት፤ እኔ እየተናገርኩ። እጄ ለጊዜው አልታዘዝ ብሏል። አርባ ዓመት የሰው አፍ ሆኜ ጻፍኩ፤ ይኸው የራሴን አፍ ለሰው ሰጠሁ። «ለጊዜው» የሚለውን ቃል አልጽፍም ብላ ነበር፤ ጻፊ አልኳት። ከሰኔ ወዲህ ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም።

አየሁት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ድረስ ዶርቃስ ሁለት ጋቢ ደርባልኝ ወሰደችኝ። በደኅናው ጆሮዬ በኩል ተቀመጠች። «አባባ፣ ስሟ መጀመሪያ ላይ ነው የሚወጣው፣ ተዘጋጅ» አለችኝ። ተዘጋጀሁ። መነጽሬን ጠረግሁ። ልክ ሲወጣ ሳሉ ያዘኝ። ቀና ስል የመብራት ሠራተኛው ስም ላይ ደርሷል። «አለፈ» አለችኝ። ችሎት ቢሆን ይደገምልኝ ብዬ አመለክት ነበር። እዚያ ለማን ላመልክት? ፊደሉ ትልቅ ነበር ብላኛለች።

ወደ ነገሬ ልግባ። አሮጊቷ መደብ ላይ ተጋድማለች። መስኮቱ በስተቀኝ፤ ይሄንን አልሳቱም። ሽማግሌው «ምን ላድርግልሽ?» ይላል። «ጋሪ» ትላለች። አዳራሹ የአምቦ ሰው አይደል? በሙሉ «እህህ» ብሎ ተነፈሰ። ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። ይሄኔ ሽማግሌው ብድግ ብሎ በሩን በርግዶ ሮጠ። «ወዴት ነው?» አለ አንዱ። የነገራ ፈረስ ብቅ ሲል ገባቸው። ከዚያ የተሳቀውን ሳቅ ባሳይሽ!

«ኧረ ሰውዬ፣ ጥሩ ነኝ እኮ ነው ያለችህ!»

«ኦሮምኛ አይሰማም እንዴ ይሄ ሽማግሌ?»

«ምርቃቷን ጥሎ ፈረስ ፍለጋ!»

ዶርቃስ አንድ በአንድ ታቀብለኛለች። ከፊታችን ያሉ ሁለት አዛውንቶች ደግሞ «አማርኛ ነው፤ ጋሪ ነው የጠየቀችው» ብለው ተነሱ። ጩኸት ሆነ። ችሎቱ ለሁለት ተከፈለ። ፊልሙን የሚያየው ጠፍቶ ሁሉም ለባየሽ ይሟገታል። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ፤ ዶርቃስ «ቀስ በል» እስክትለኝ ድረስ። ስንወጣ ጋቢዬ እርጥብ ነበር። ከሳቅ ነው ብለሽ ጻፊ ብያታለሁ።

አሁን ሌንጂሳ ለጠየቀኝ ጥያቄ መልስ ልስጥ። ዶርቃስ፣ ይሄን በደንብ አድርገሽ ጻፊው። አንቺም አልሰማሽውም፤ ያኔ ለሥራ ካቺሲ ተመድበሽ ነበር።

ጋሪ ነበረ።

ዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ የገበያ ቀን ነበር። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ባየሽ ጎኔን ወጋኝ ብላኝ ነበር። እንግዳ ነበረን። እኔም ያው እኔ ነኝ፤ «የጊንጪ ሰው የሚላጥ ድንች ሲያይ ጎኑን ይወጋዋል» ብዬ እንግዳውን አሳቅሁ። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ጧት መነሳት አቃታት። አጠገቧ ተቀመጥኩና በድንጋጤ ባንድ ትንፋሽ ሁለት ጥያቄ ጠየቅኋት። «አካም ጂርታ? ምን ላድርግልሽ?» እንዴት ነሽ የሚለውን በኦሮምኛ፣ ምን ላድርግልሽ የሚለውን በአማርኛ። እሷም አንዲት ቃል መለሰች። «ጋሪ»።

ሮጥኩ። ያንቺ ዳይሬክተር ያስሮጠኝን ያህል አልፈጠንኩም፤ ሙዚቃም አልነበረም። የገበያ ቀን ጋሪው ሁሉ ገብስና ድንች ጭኗል። አንዱን ለምኜ፣ ጆንያውን አብሬ አውርጄ፣ ይዤው ስመለስ ጎረቤት ዓይኗን ከድናት ነበር። ማን አጠገቧ ነበር ብለሽኝ ነበር። ማንም አልነበረም።

«ምን ብላ አረፈች?» አሉኝ። በር ላይ የቆመውን ፈረስ ላስረዳ ብዬ «ጋሪ አለችኝ» አልኩ። ለቀስተኛው «ያ ዋቃ! አምላኬ! ጥሩ ነው ብላ አረፈች!» ብሎ ተደነቀ። ሰባኪው ያንኑ ሰበከ። የሰውን ቃል ሳርም የኖርኩ ሰውዬ ያቺን ቃል ሳላርማት ቀረሁ። ተመቸችኝ። ቆይቼ እኔም አመንኳት። ለአንቺም በአደራ ሰጠሁሽ።

ዶርቃስ እስክሪብቶውን አስቀምጣ ነበር። አሁን አነሳችው። «እማዬ በምን ቋንቋ ነው ያለችው?» አለችኝ። ይኸውልሽ፤ አሥራ አራት ዓመት የሸሸሁት ጥያቄ። ስትቆጣ በአማርኛ፣ ስትታረቅ በኦሮምኛ ነበር ብዬሻለሁ። በኦሮምኛ ከሆነ ታርቃኝ ነው የሄደችው፤ እኔ ደግሞ ለምን ጥያት ሮጥኩ? በአማርኛ ከሆነ መሮጤ ልክ ነው፤ ግን እንደተቆጣችኝ ናት። የቱን ልምረጥ? እናንተ ያልሆነ ነገር ጽፋችሁ አላጠፋችሁትም። ዳይሬክተርሽ ሳያውቅ ግማሹን እውነት አገኘው፤ እኔ እያወቅሁ ግማሹን ደበቅሁሽ። አደራዋ ስሰጥሽም ጎዶሎ ነበረች።

እንዴት እንደሚስተካከል ብታውቂ ደስ ይለኝ ነበር። እኔ አላውቅም። አንቺም አታውቂም፤ ተቀርጾ አልቋል። ጉደር ከተቀበለሽም፣ ካልተቀበለሽም፣ ጽፈሽ የምታስቀምጪው ነገር አይጥፋ። ከዚህ በላይ የምመክርሽ ጠፍቶኛል፤ ይሄም ለሆርዶፋ ጉዴ አዲስ ነገር ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ራሴ ጻፍኩት፤ ለዚህ ነው የሚንቀጠቀጠው። እንዴት ነህ እያልሽ በየደብዳቤው ጠይቀሽኛል፤ በቀልድ ዞር ስል ኖሬያለሁ። መልሴ ይኸውልሽ።

ጋሪ።

በምን ቋንቋ እንደሆነ ከሩቅ አይለይም። ቀረብ ብለሽ ስሚው።